የድሮ የወታደር ሰዓት እውነተኛ መሆኑን እንዴት እናጣራ (ከደሴ)

ወሎ ውስጥ ሳጥን ስር በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ የድሮ ሰዓት አይጠፋም፣ በተለይ ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ። ጦር ያላለፈበት ዘመን የለም እኮ። ጣልያን ሚያዝያ 1928 ደሴ ገባ፣ ሚያዝያ 1933 ደግሞ በእንግሊዞች ስር የሚዋጋው የደቡብ አፍሪካ ጦር ደሴን ያዘ፣ ከዛ የኛ ሰዎች ቃኘው ሻለቃ ሆነው ኮሪያ ዘመቱ፣ ከዛ የአሜሪካ ወታደራዊ እርዳታ መጣ፣ ከዛ ደርግና ሶቭየት። በየዘመኑ የሆነ ወታደር እጁ ላይ ሰዓት አስሮ በዚህ አልፏል፣ አንዱ ሸጦታል፣ አንዱ ለወዳጁ ሰጥቶታል፣ አንዱም ሞቶ ሰዓቱ እዚሁ ቀርቷል።

አጎቴ ፒያሳ ሰዓት ሰሪ ነበር፣ እኔ ከትምህርት ቤት ስወጣ ቀጥታ እሱ ጋ ነበር የምሄደው፣ ማጉያዋን አይኔ ላይ አድርጌ የሰው ሰዓት ሆድ ሳይ ነው ያደኩት ማለት ይቻላል። አሁን እሱ ባይኖርም ሰው ሰዓት ይዞ ይመጣና "ይሄ የወታደር ነው አይደል? ኦርጅናል ነው?" ይለኛል። የሚመጣው ደሞ ሰዓቱን ብቻ ይዞ አይደለም፣ ታሪክም ይዞ ነው፣ እንደውም ብዙ ጊዜ ታሪኩን ነው የሚያስቀድመው። እኔ የምለው ታሪኩ ትንሽ ይቆየን፣ መጀመሪያ ሰዓቱን እንጠይቀው። ሰዓቱ እውነት ሆኖ ታሪኩ የማይገጥምበት ጊዜ በጣም ብዙ ነው፣ ታሪኩ እውነት ሆኖ ሰዓቱ ሌላ የሚሆንበትም አለ፣ ሁለቱን ለየብቻ ካላጣራናቸው ሻጭም ይጫወትብናል፣ የገዛ ቤተሰባችንም ሳያውቅ ያሳስተናል።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር እዚህ ጋ ልበል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ፣ የዓመተ ምህረቱ ነገር። ሰዓት ጀርባ ላይ የተቀረጸ ዓመት የፈረንጅ ነው፣ እኛ ቤት የሚወራው ግን የኛው ነው። አባባ "በ45 ነው ያገኘሁት" ካሉ 1945 ዓ.ም. ማለታቸው ነው፣ እሱ በፈረንጅ 1952 መጨረሻና 1953 ነው የሚሆነው፣ የኮሪያ ጦርነት ያለቀበት ጊዜ። በፈረንጅ 1945 የተሠራ ሰዓት ደግሞ በኛ 1937 ወይም 38 ላይ ነው የሚውለው። የስምንት ዓመት ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ፣ በሁለቱ መሀል አንድ ጦርነት አልቆ ሌላ ጦርነት ይጀምራል። ስለዚህ ወረቀት ላይ ስትጽፉ ሁልጊዜ ሁለቱንም ጎን ለጎን ጻፉ፣ ይሄን ብቻ በማድረግ ግማሹ የተሳሳተ ወሬ ይጠራል።

እሺ አሁን ሰዓቱ እጃችሁ ገብቷል እንበል። አትወልውሉት። በቃ አትንኩት። መስታወቱን በጥርስ ሳሙና ማሸት፣ ቀፎውን ፖሊሽ ማስደረግ፣ አዲስ ማሰሪያ መግዛት ምናምን በኋላ ይደርሳል። አሁን የሚያስፈልጋችሁ ምስክር ቆሻሻውና ጭረቱ ላይ ነው ያለው። አንድ ጎረቤታችን የአባቷን ሰዓት "ትንሽ አሳምርልኝ" ብላ ለአንድ ሰዓት ሰሪ ሰጠችው፣ ሰውየው በክፋት አይደለም፣ ጎበዝ ሆኖ ሊታይ ፈልጎ ዳያሉን (ቁጥሮቹ ያሉበትን ፊቱን) ፍቆ እንደገና ቀብቶ፣ ጀርባውን እንደ መስታወት አብርቶ መለሰላት። ጀርባው ላይ የነበረው ጽሑፍ በጣት ሲነካ እንኳን አይታወቅም ነበር። አባቷ የት እንደዘመቱ ሊናገር የሚችለው እሱ ብቻ ነበር እኮ፣ ሴትየዋ ሰዓቱን ስታየው ያለቀሰችው እስካሁን አይጠፋኝም። ስለዚህ መጀመሪያ ፎቶ፣ ከፊት፣ ከጀርባ፣ ከጎን፣ ማሰሪያው የሚገባበት ጆሮው ውስጥ ሳይቀር፣ በመስኮት ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ።

ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ የጤና ነው፣ ይሄን የምለው ከልቤ ነው። ከ1960ዎቹ (በፈረንጅ) በፊት የተሠሩ በጨለማ የሚያበሩ የወታደር ሰዓቶች ቁጥራቸውና ቆጣሪያቸው (የሚዞሩት ዘንጎች) ላይ የተቀባው ቀለም ራዲየም የሚባል ጨረር የሚያወጣ ነገር አለበት። አሁን አያበራም ብላችሁ አልቋል እንዳትሉ፣ የደከመው ከራዲየሙ ጋር የተደባለቀው ዚንክ ሰልፋይድ ነው፣ ራዲየሙ ራሱ ግማሹ እስኪያልቅ 1600 ዓመት ይፈጃል። ሰዓቱ ተዘግቶ እንዳለ ማየት ሌላ ነገር ነው፣ ተከፍቶ ያ የደረቀው ቀለም እየተፈረፈረ ወደ አፍንጫና አፍ ሲገባ ሌላ ነገር ነው። አሜሪካ ውስጥ ከመቶ ዓመት በፊት ብሩሹን በከንፈራቸው እያሾሉ ዳያል ሲቀቡ የኖሩ ሴቶች መንጋጋቸው እየፈረሰ ሞተዋል። እኛ ጋ ያሉ ሰዓት ሰሪዎች ደሞ ዳያል ላይ ብናኝ ሲያዩ "እፍ" የማለት ልማድ አላቸው፣ አጎቴም ያደርገው ነበር። እባካችሁ እፍ አትበሉ፣ ቀለሙን በጥፍር አትፋቁ፣ ቡና የሚጠጣበት ረከቦት አጠገብ አትክፈቱ፣ ህፃን እንዲጫወትበት አትስጡ፣ ስትጨርሱ እጃችሁን በደንብ ታጠቡ።

አሁን ገልብጡትና ጀርባውን እንይ፣ የወታደር ሰዓት ጀርባው ነው መታወቂያው። የእንግሊዝ ከሆነ የምንፈልገው ቀስት ነው፣ ሦስት መስመር ወደ ላይ አንድ ነጥብ ላይ የሚገናኙባት፣ የዶሮ እግር የምትመስል ምልክት። የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ማለት ናት፣ ሰዓት ላይ ብቻ ሳይሆን ኮምፓስም ሳጥንም ላይ ትመታለች። ከሷ ጋር ያሉት ፊደላት ደግሞ የየትኛው ክፍል እንደሆነ ይናገራሉ። "ኤ ቲ ፒ" የሚል ከሆነ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዝ ምድር ጦር የተገዛ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ዳያሉ ነጣ ያለ ወይም ብርማ፣ ቀፎው ትንሽ። "6ቢ" የሚል ከሆነ የአየር ኃይል ነው፣ "0552" የባህር ኃይል፣ "ዳብሊው 10" ደግሞ በኋላ ዘመን የመጣ የምድር ጦር። "ዳብሊው" ሦስት ጊዜ ተደርድራ ካያችሁ ግን ቆም በሉ፣ እሱ ዝነኛው ነው። የእጅ ሰዓት፣ ውሃ የማያስገባ ማለት ነው በነሱ ቋንቋ። የእንግሊዝ መከላከያ አሥራ ሁለት የስዊዝ ፋብሪካዎችን በአንድ ዝርዝር መስፈርት አሠርቷቸው ነው፣ ቡረን፣ ሲማ፣ ኤተርና፣ ግራና፣ አይ ደብሊው ሲ፣ ዣጄ ለኩልትር፣ ሌማኒያ፣ ሎንጂንስ፣ ኦሜጋ፣ ሪከርድ፣ ቲሞርና ቨርቴክስ። ጥቁር ዳያል፣ ነጭ ቁጥር፣ ስድስት ቁጥር ጋ ለብቻዋ የምትዞር ትንሽ ሰከንድ፣ ዳያሉም ላይ ጀርባውም ላይ ቀስቷ። ማሰሪያው የሚገባበት ሽቦም በብዙዎቹ ላይ የተበየደ ነው፣ አይወጣም። ከነዚህ አሥራ ሁለት ስሞች ውጪ ያለ ስም ዳያሉ ላይ ካለ፣ ጀርባው የፈለገውን ቢል አትመኑት።

እነዚህ ሰዓቶች የደረሱት በፈረንጅ 1945 ነው። ይሄን ቁጥር ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ምልክቱ መኖሩ ብቻ ግን አይበቃም፣ ምልክት ማንም ይቀርጻል። ፎርጅዱን ከኦርጅናሉ የምለይበት አንድ ነገር ላሳያችሁ፣ ይሄን አጎቴ ነው ያሳየኝ፣ ማጉያ ወይም የስልክ ካሜራ አቅርቦ የሚያነሳ ይበቃል። ጀርባውን ወደ መስኮት አዘንብሉትና ጭረቶቹን ተከተሉ። ሰማኒያ ዓመት እጅ ላይ የኖረ ብረት ላብ፣ ሱሪ፣ ድንጋይ፣ የጠመንጃ አፈሙዝ ነክቶታል፣ ስለዚህ ጭረት አለው። ጽሑፉ ከፋብሪካ የወጣ ከሆነ ጭረቱ ጽሑፉን አቋርጦት ያልፋል፣ ማለትም ፊደሉ ጠርዝ ላይ ስትደርሱ ጭረቱ ጠርዙን ትንሽ ሰብሮት ወይም አለስልሶት ማዶ ይቀጥላል። ጽሑፉ በኋላ የተጨመረ ከሆነ ግን ተቃራኒው ነው፣ ፊደሉ ጭረቱን ይቆርጠዋል፣ ጭረቱ ፊደሉ ጋ ሲደርስ ጥርት ባለ ጠርዝ ይቋረጥና ማዶ እንደገና ይጀምራል። ጀርባው ሙልጭ ብሎ አልቆ ፊደሎቹ ብቻ ትናንት እንደተጻፉ ስል ከሆኑም ያው ነው። በሌዘር የተጻፈ ደግሞ የፊደሉ ወለል ጠቆር ያለና በጣም እኩል ነው፣ በማህተም የተመታ ግን አንዱ ፊደል ጠለቅ፣ አንዱ ቀለል፣ አንዱ ትንሽ ዘመም ያለ ይሆናል። አንዴ ይሄን ካያችሁ በኋላ አይናችሁ በራሱ ይለምደዋል፣ ሁለተኛ አትታለሉም።

ከዛ ይከፈታል፣ ግን በቢላ ወይ በምስማር አይደለም፣ የሚዞር ክዳን ካለው በመክፈቻው፣ የሚፈነቀል ከሆነም የሚያውቅ ሰው ይክፈተው፣ እናንተ ግን አጠገቡ ተቀመጡ፣ ጥላችሁት አትሂዱ፣ ማሽን ተቀይሮበት የተመለሰ ሰዓት አይቻለሁ። ውስጡ የምታዩት አንደኛ ማሽኑ ላይ የተጻፈው ስም ዳያሉ ላይ ካለው ጋር ይሄዳል ወይ? ዳያሉ ኦሜጋ ብሎ ማሽኑ ሌላ ከሆነ ከሁለት ሦስት ሰዓት የተሰበሰበ ነው፣ ሬሳ ከሬሳ ተገጣጥሞ። ካሊበሩም (የማሽኑ ሞዴል ቁጥር) መግጠም አለበት፣ ለምሳሌ ሦስቱ ዳብሊው ያለበት ኦሜጋ ውስጥ 30ቲ2 የሚባለው ነው የሚገኘው፣ ሎንጂንሱ ውስጥ 12.68ዜድ፣ አይ ደብሊው ሲው ውስጥ ካሊበር 83። ሁለተኛ ማሽኑ ቀፎው ውስጥ ይወዛወዛል ወይ፣ መሙያው (ጎኑ ላይ ያለው የሚዞረው) ከቀፎው ቀዳዳ ጋር ትክክል ነው ወይ? የራሱ ካልሆነ ቀጭን ቆርቆሮ ወይ ወረቀት ታጥፎ ተወትፎበት ታገኛላችሁ።

ሦስተኛው ግን እኔ በጣም የምወደው ነው፣ የክዳኑ የውስጥ ፊት። ሰዓት ሰሪዎች የሠሩትን ሰዓት እንዲያውቁት በመርፌ ጫፍ ትንሽ ምልክት ወይ ቀን ይጭሩበታል፣ ፈረንጆቹም የኛዎቹም። በአይን አይታይም፣ ማጉያ ይፈልጋል። እዛ ላይ የኛ ፊደል ወይም በኛ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ካገኛችሁ ሰዓቱ ቢያንስ በዛ ቀን አገር ውስጥ እንደነበር ማስረጃ ነው፣ ብዙ ደላላ መኖሩን እንኳን የማያውቀው። ስለዚህ ክዳኑን በውስጥ በኩልም ቢሆን በአሸዋ ወረቀት የሚያጸዳ ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት።

ወደ ፊቱ እንመለስ። ዳያል ላይ የምናጣራው የሚያበራውን ቀለምና ጽሑፉን ነው። ለቀለሙ ሱቅና ባንክ ያለችው የብር መመርመሪያ ሐምራዊ መብራት ትበቃለች፣ ከሆነ ባለሱቅ ለአምስት ደቂቃ ተዋሱ። ጨለማ ክፍል ግቡ፣ አብሩበት፣ አጥፉ። የድሮ ራዲየም ከሆነ መብራቱ እያለ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ ሊታይ ይችላል፣ ስታጠፉት ግን ወዲያው አብሮ ይጠፋል። መብራቱ ጠፍቶ ደቂቃ ሙሉ አረንጓዴ እየሆነ የሚቆይ ከሆነ አዲስ ቀለም ነው። ቁጥሮቹ አንድ አይነት ሆነው ቆጣሪዎቹ ሌላ አይነት ካበሩም ቆጣሪው ተቀይሯል። በተረፈ ሰዓቱ ለብዙ ዓመት ቆሞ ከነበረ ቆጣሪዎቹ የቆሙበት ቦታ ዳያሉ ላይ ቡናማ ጥላ ይቀራል፣ ራዲየሙ አቃጥሎት ነው፣ ይሄን ጥላ ሳይ እኔ ደስ ይለኛል፣ ዳያሉና ቆጣሪው አብረው ማርጀታቸውን ነው የሚናገረው።

እዚህ ላይ ግን አትቸኩሉ፣ የተቀየረ ዳያል ሁሉ ፎርጅድ አይደለም። እንግሊዞች ራሳቸው በኋላ ራዲየሙን ፈርተው ብዙ ሰዓት ላይ ዳያሉን ትሪቲየም በሚባለው፣ ራዲየምን በተካው የሚያበራ ቀለም ቀይረውታል፣ እነዚህ ዳያሎች ክብ ውስጥ "ቲ" የምትል ፊደል አለቻቸው፣ አንዳንዱ ላይ የፋብሪካው ስም እንኳን የለም። ይሄ የሰዓቱ የውትድርና ህይወት አካል ነው። የማያስተማምነው ህንድ ውስጥ እንደገና ተቀብተው በየገበያው የሚዞሩት ናቸው፣ ዳያሉ አዲስ ሳህን መስሎ የሚያብረቀርቅ፣ ፊደሉ ወፍራምና ዳር ዳሩ የፈሰሰ፣ የደቂቃ መስመሮቹ ቁጥሮቹ ጋ በትክክል የማይገጥሙ። ቀይ ቀለም በዝቶ "ሚሊታሪ" የሚል ቃል ዳያሉ ላይ ካለማ ጨርሶ ተዉት፣ ጦር ሠራዊት ለራሱ ወታደር "የወታደር" ብሎ አይጽፍም።

የአሜሪካውን ደግሞ በአንድ በደረሰብኝ ነገር ላስረዳ። ኮምቦልቻ አንድ ሻጭ የቃኘው ዘማች ሰዓት ነው ብሎ አሳየኝ፣ ኮሪያ ላይ የዘመቱ አንድ ሽማግሌ ልጅ ነው የሸጠልኝ ይላል፣ ዋጋውም እንደዛው። ታሪኩ ሲሰማ ያምራል፣ ቃኘው ግንቦት 1951 በፈረንጅ ፑሳን ደርሶ በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ስር ነው የተዋጋው፣ ትጥቁም የአሜሪካ ነበር፣ ስለዚህ የአሜሪካ ሰዓት ቢኖር አያስገርምም። ገለበጥኩት። "ሚል ዳብሊው 46374" ይላል፣ ከስሩ 1971። ሻጩ "አየህ በኛ በ71 ነው የተጻፈው" አለኝ፣ እንዳልኳችሁ ግን የአሜሪካ ጦር በኛ ዓመተ ምህረት አይጽፍም፣ ቢጽፍ እንኳን የኛ 71 ደርግ ነው፣ ኮሪያ አይደለም። ዓመቱም ባይኖር ያ የመስፈርት ቁጥር የወጣው በፈረንጅ 1964 ነው፣ ኮሪያ ደግሞ በ1953 አልቋል። ዳያሉ ላይም "ኤች 3" የምትል አለች፣ ትሪቲየም ማለት ነው፣ እሱም የኮሪያ ዘመን ሳይሆን የኋላ ነው። ሰዓቱ ግን ፎርጅድ አልነበረም! ጭረቱ ትክክል፣ ማሽኑ ትክክል። ኢትዮጵያና አሜሪካ በፈረንጅ 1953 የመከላከያ ስምምነት ተፈራርመው እስከ ደርግ መጀመሪያ ድረስ የጦር እርዳታ ሲመጣ ነበር፣ በዛ መንገድ ሊገባ ይችላል። እውነተኛ ሰዓት ላይ የሌላ ሰው ታሪክ ነበር የተለጠፈበት። ተውኩት፣ በሰዓቱ ዋጋ ቢሸጥልኝ እገዛው ነበር።

እና በእውነት የኮሪያ ዘመን ሊሆን የሚችለውስ ምን ይመስላል ላላችሁኝ፣ አንዱ ኤ 11 የሚባለው ነው፣ ለሁለተኛው ጦርነት ቡሎቫ፣ ኤልጂንና ዋልታም የሠሩት፣ ከጦርነቱ በኋላም አገልግሎት ላይ የቆየ። ጥቁር ዳያል፣ ሰከንዱ መሀል ላይ፣ ጀርባው ላይ 94 ሰረዝ 27834 የሚል የመስፈርት ቁጥር። መሙያውን ሳብ ስታደርጉት ሰከንዱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፣ ወታደሮቹ ሰዓታቸውን በአንድ ትእዛዝ አንድ ላይ እንዲያስተካክሉ ተብሎ ነው የተሠራው። ስትስቡት ሰከንዱ ዝም ብሎ መሮጡን ከቀጠለ ወይ ማሽኑ ተቀይሯል ወይ ያቺ የምታቆመው ክፍል ወልቃለች።

የሶቭየቶቹ እኛ ጋ በብዛት አሉ፣ ፎርጅዱም ታሪኩም ግን ቀለል ይላል። ቮስቶክ ኮማንዲርስኪ ከ1965 (በፈረንጅ) ጀምሮ ነው የተሠራው፣ ለሠራዊቱ የታዘዘው ዳያሉ ላይ በሩሲያ ፊደል "የሶቭየት መከላከያ ሚኒስቴር ትእዛዝ" የሚል አጭር ጽሑፍ አለው፣ መጨረሻው በላቲን ሲያነቡት "ሲ ሲ ሲ ፒ" የሚመስለው ነው። እሱ ከሌለ ለሲቪል የተሸጠ ሊሆን ይችላል። ታንክ ወይም ፓራሹት ስለተሳለበት ለታንከኛ ወይ ለአየር ወለድ ተሰጠ ማለት አይደለም፣ ጌጥ ነው። ከሁሉም በላይ የዳያሉን የታች ጠርዝ አንብቡ፣ ስድስት ቁጥር ስር በጣም ደቃቅ ጽሑፍ አለ። እሱ ላይ ሶቭየት ሳይሆን "ሩሲያ" የሚል ካለ፣ በላቲን ካነበባችሁት "ፒ ኦ ሲ ሲ" ብሎ የሚጀምር፣ ያ ዳያል ሶቭየት ከፈረሰች በኋላ ማለትም በፈረንጅ ከታህሳስ 1991 ወዲህ የተሠራ ነው። ደርግ የወደቀው ግንቦት 1983 በኛ፣ 1991 በፈረንጅ ነው። ስለዚህ የደርግ መኮንን ሰዓት ሊሆን አይችልም፣ አለቀ። ፖቤዳ የሚባለው የሶቭየት ሰዓትም እንዲሁ፣ በብዛት መመረት የጀመረው በፈረንጅ 1946 ስለሆነ የአርበኛ ነው ሲሏችሁ ቀኑን አስሉ።

የጣልያን ነው ተብሎ ፓኔራይ የሚል ትልቅ ሰዓት ከመጣባችሁ በጣም ተጠንቀቁ። ድሮ የነበረው ፓኔራይ ለጣልያን ባህር ኃይል ጠላቂዎች በጥቂቱ የተሠራ ነው፣ ደሴ የሰፈረ እግረኛ የሚታደለው እቃ አልነበረም፣ ለሲቪል መሸጥ የጀመረውም በፈረንጅ 1993 ነው።

አሁን ነው እንግዲህ ታሪኩን የምንሰማው። ሽማግሌ ስትጠይቁ መልሱን አፋቸው ላይ አታስቀምጡ፣ "እንግሊዙ ነው አይደል የሰጥዎት?" ካላችኋቸው "አዎ ልጄ" ይሏችኋል፣ ሊያስደስቷችሁ። "በስንት ዓመተ ምህረት ነው?" ማለትም ብዙ አይረዳም፣ ቁጥር ይምታታል። ወሎ ውስጥ የሚሠራው ሌላ ነው። "አባባ፣ ይሄን ሰዓት ሲያገኙ ጣልያን ወጥቶ ነበር? አንቱ አግብተው ነበር? እከሌ ተወልዷል? ከ66ቱ ድርቅ በፊት ነው በኋላ? በ77ስ ቤት ውስጥ ነበር?" በሉ። በተለይ 66 እና 77። በነዚያ ጊዜ ሰው ያለውን ሁሉ ሸጦ ነው ልጆቹን ያተረፈው፣ ሰዓት የመጀመሪያው የሚሸጥ ነገር ነበር፣ ስለዚህ "በ77 ነበር ወይ" የምትለው ጥያቄ ብዙ ሰዓት ቤተሰቡ ከሚያስበው በኋላ ተገዝቶ እንደመጣ ታወጣለች። ጥያቄውን ለአንድ ሰው ብቻ አትጠይቁ፣ ሴቶቹን ጠይቁ፣ ሳጥኑን ሲከፍቱና ሲዘጉ የኖሩት እነሱ ናቸው። የድሮ ፎቶ ካለ ደግሞ የእጅ አንጓውን አጉልታችሁ እዩት፣ የሰዓቱ ትልቀት፣ ዳያሉ ጥቁር ይሁን ነጭ፣ ትንሿ ሰከንድ መኖሯ አንዳንዴ በደንብ ይታያል።

ፋብሪካም መጻፍ ይቻላል። ሎንጂንስ የድሮ መዝገቡን ጠብቆ የያዘ ፋብሪካ ነው፣ የማሽኑን ሲሪያል ቁጥር ከፎቶ ጋር ከላካችሁ መቼ እንደወጣና ለየትኛው አገር ወኪል እንደተላከ ሊነግሯችሁ ይችላሉ። ያ ቁጥር ግን ሰዓቱን ነው የሚያውቀው፣ የለበሰውን ሰው አይደለም፣ የሰውየውን ስም የሚያወጣው የናንተ ቤት ብቻ ነው።

1945ን ያዙልኝ ብዬ ነበር። አያቴ የተወልን ሰዓት ሲማ ነው፣ ሦስቱ ዳብሊው ያለበት። በቤታችን የሚወራው ጣልያን ደሴን ሲለቅ በ33 አንድ የእንግሊዝ መኮንን መንገድ ስላሳየው ከእጁ ፈቶ ሰጠው ነው፣ እኔም በዚሁ ታሪክ ነው ያደኩት። ሰዓቱ ግን በኛ 33 አልተሠራም ነበር፣ አራት ዓመት ይቀረው ነበር። ይሄን ያወቅኩ ቀን አያቴን የከዳሁት መስሎኝ ለማንም አልተናገርኩም። በኋላ ክዳኑን ሳስከፍት በማጉያ ሁለት ጭረት አየሁ፣ አንዱ የፈረንጅ እጅ፣ ተነቦ የማይለይ፣ ሁለተኛው ግን "ደ" የምትል ፊደልና ከሷ ቀጥሎ 3/49። ህዳር 1949፣ በፈረንጅ 1956። ይሄን ይዤ ታላቅ አክስቴ ጋ ቦሩ ሜዳ ሄድኩ፣ ምንም ሳልነግራት "እቴዋ፣ አባባ በ66 ምን ሸጠ?" አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ "ያቺን የኪስ ሰዓቱን ነዋ" አለችኝ፣ "ባለ ሰንሰለቷን፣ እንግሊዙ የሰጠውን። የእጁንማ እኔ ሳገባ አካባቢ ነው የገዛት፣ ከአንድ የጦር ሰው።"

ታሪኩ እውነት ነበር፣ የሌላ ሰዓት ታሪክ ነበር። ሰዓቱም እውነት ነው፣ የራሱ ታሪክ አለው፣ እንግሊዞች ከ33 በኋላም አገር ውስጥ ሠራዊት ሲያሰለጥኑ ስለቆዩ እንዲህ ያለ ሰዓት በአንድ የጦር ሰው እጅ ላይ መገኘቱ የሚገጥም ነገር ነው። ደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ሲዘረፍ ካየሁ ወዲህ እቃ ያለ ወረቀት ማስቀመጥ ያስፈራኛል፣ ስለዚህ ሁሉንም ጽፌ አንዱን ከሰዓቱ ጋር፣ አንዱን አክስቴ ጋ፣ ፎቶውን ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው ይሄ ነው፦ "ሲማ፣ የእንግሊዝ ጦር፣ 1945 የፈረንጅ፣ 1937 ወይም 38 የኛ። ማሽኑ የራሱ፣ ዳያሉ የራሱ፣ መሙያው ተቀይሯል። ህዳር 1949 እኛ አገር ተጠግኗል። አያቴ ከአንድ የጦር ሰው ገዝቶታል፣ የሰውየው ስም ጠፍቷል። የ33ቱ የኪስ ሰዓት በ66 ተሽጧል፣ ባለ ሰንሰለት፣ የት እንዳለ አይታወቅም።"